ምዕራፍ ሦስት፦ የመስቀል ወፍ የት ይከርማል?

መስከረም ሲጠባ ከአደዩ መሐል ቢጫ ከጥቁር ወይም ቀይ ከጥቁር የለበሰ ትንሽ ወፍ ብቅ ይላል። ሰንበት ብሎ ደግሞ ይጠፋል። በዓመት አንዴ የሚጠይቀንን ዘመድ «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» የምንለውም ለዚህ ነው። ወፉ ግን የትም አልሄደም። በኅዳርም በየካቲትም ከአጥራችን ላይ፣ ከአውድማው ዳር አለ። የማናውቀው ልብሱን ስለ ቀየረ ነው።

በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች እንደየአካባቢው ይለያያሉ፤ አብዛኞቹ ግን ዘር ለቃሚዎች ሲሆኑ ወንዱ የሚያጌጠው ለመራቢያው ወቅት ብቻ ነው። ክረምቱ ሣሩን አሳድጎ ሲያበቃ ለጎጆ የሚሆን ረጅም ሣር፣ ለጫጩት የሚሆን ነፍሳት፣ ለወላጆቹ የሚሆን እሸት ዘር በአንድ ጊዜ ይገኛል። ወንዱ አሮጌ ላባውን አራግፎ ቀዩን ወይም ቢጫውን የሚያወጣው ያኔ ነው። ከሣር ጫፍ ላይ ተቀምጦ የአንገቱንና የጀርባውን ላባ ይነፋል፤ ከዚያም ተነሥቶ እንደ ትልቅ ጢንዚዛ እያጉረመረመ ከግዛቱ በላይ ያንዣብባል። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ቡናማና ዝንጉርጉር ናት፤ ዕንቁላል ለሚታቀፍ ወፍ ጎልቶ መታየት አያዋጣም። ወቅቱ ሲያልፍ ወንዱም እሷኑ ይመስላል፤ ያኔ ከድንቢጥ ለይቶ ለማወቅ ልምድ ይጠይቃል።

ስለ አገራችን ወፎች አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ይኸው ይመስለኛል፦ ክንፍ ያለው ሁሉ እንዳሻው አይሄድም። ብዙዎቹ በሣር፣ በከፍታና በሙቀት ልክ የታሰሩ ናቸው።

ኢትዮጵያ በሐሩር ክልል ውስጥ ብትሆንም ምድሯ አንድ ወጥ አይደለም። ዳሎል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ሲቃጠል፣ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ሆኖ በረዶ ያያል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የአፍሪካ ምድር የሚበዛው የኛው ነው። ከ800 በላይ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡትም በዚህ የተነሣ ነው። ደጋው በቆላ የተከበበ ስለሆነ የደጋ ወፍ ሙቀቱን አቋርጦ ወደ ሌላ ተራራ አይሻገርም፤ ተለይቶ በኖረ ቁጥር ደግሞ ከሌላው ዘመዱ እየተለየ ይሄዳል። በባሌ ቀዝቃዛ ረግረጎች የሚኖረው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። አዲስ አበባ ላይ ሲነጋጋ ከግቢ ግቢ እየጮኸ የሚያልፈው፣ ምንቃሩ ወደ ታች የተቆለመመ፣ ጉሮሮው ሥር ትንሽ ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የያቤሎው ነው። የስትሬስማን ቁራ ይባላል። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ በ1938 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው የወፍ ሊቅ ከኤርቪን ስትሬስማን ነው። ሰውነቱ ግራጫ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ ዓይኑን የከበበው ገላጣ ቆዳ ሰማያዊ ነው። ከቦረና ከብቶች ኋላ እየተራመደ መሬት እየጫረ ትል ይለቅማል፤ ሰውም ብዙ አይፈራም። በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ አካባቢ ይገኛል፤ ከዚያ አልፎ ያው ግራር፣ ያው ቀይ አፈር፣ ያው ከብት እያለ ወፉ የለም። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ግራ ከገባቸው በኋላ መልሱን ያገኙት ከአየሩ ነው። ወፉ ያለበት ቦታ ዙሪያውን ካለው ምድር ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ሲበረታ ምንቃሩን ከፍቶ ያለከልካል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ መልቀሙን ይቀንሳል፤ አጠገቡ ያሉት ሌሎች ወፎች ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ዙሪያውን በማናየው የሙቀት አጥር ታጥሯል ማለት ነው። ዓለም እየሞቀች ስትሄድ አጥሩ ወደ ውስጥ ይጠብባል፤ ወፉ ደግሞ ሌላ መሄጃ የለውም።

ርቀው የሚጓዙም አሉ። አውሮፓ ሲበርድ ነጭ ሽመላዎችና ሌሎች ብዙ ወፎች የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ተከትለው ይመጣሉ። የአብያታ ዓይነቱ ሐይቅ ውኃው ሲሸሽ የሚጎዳው ያገሩ ወፍ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ስለ አንዳንዶቹ የምናውቀው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ነጭ ሳር ሜዳ ላይ ተመራማሪዎች የአንድ ሌሊት በራሪ ወፍ ክንፍ ከመንገድ ላይ አነሡ። ከሌላው ሁሉ ስለ ተለየ በ1995 እ.ኤ.አ. በዚያ ብቸኛ ክንፍ መነሻነት አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ።

በጣም የሚያሳስበው በነገሌ ቦረና አቅራቢያ ባለው የሊበን ሜዳ ላይ የምትኖረው ቡናማ የሣር ወፍ ጉዳይ ነው። ከሣሩ መሐል እየሮጠች ትኖራለች፣ ጎጆዋም እዚያው መሬት ላይ ነው። ሜዳው ሲታረስ፣ ቁጥቋጦ ሲወርሰው፣ ከልክ በላይ ሲጋጥ መደበቂያዋ ያልቃል። በዋናው የአፍሪካ ምድር ከጠፉ ወፎች የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እንዳትሆን ባለሙያዎች ይፈራሉ። መፍትሔው ግን ከአርብቶ አደሩ ጥቅም አይጣላም። የቦረና ሰዎች ለድርቅ ጊዜ የሚከልሉት ግጦሽ «ካሎ» ይባላል፤ በሊበን በተከለለው ካሎ ውስጥ ሣሩ አድጎ ለከብትም ለወፏም ይተርፋል። ስለ ሜዳው የመወሰን ሥልጣን ያላችሁ ሁሉ ካሎውን አስፉት፤ እርሻው ደግሞ ከደረሰበት አይለፍ።