ዕዳ፣ ስደት እና ራስን የማጥፋት ሥጋት፦ ከሀዲያና ከከምባታ አንጻር

ራስን ማጥፋት በአብዛኛው የሚጠናው የአእምሮ ሕመም ውጤት ተደርጎ ነው። ድባቴ፣ የአልኮል ሱስና ቀደም ሲል የተደረገ ሙከራ ሥጋቱን እንደሚያባብሱ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1897 ካሳተመው ጥናት ወዲህ፣ የግለሰብ ተስፋ መቁረጥ ከማኅበራዊ ትስስርና ከኑሮ መናጋት ተነጥሎ እንደማይታይ ግልጽ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት ከ720 ሺሕ በላይ ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ 73 በመቶ የሚሆኑት የዝቅተኛና የመካከለኛ ገቢ አገሮች ነዋሪዎች ናቸው። ይህ አጭር ጽሑፍ በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባሉ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ከድህነት ይልቅ ለስደት የሚገባ ዕዳና ዕዳው የሚያስከትለው ኀፍረት የበለጠ ትኩረት እንደሚሻ ያስረዳል።

አካባቢው በአገራችን ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አንዱ ነው። እንሰት የሚተከልበት ማሳ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ቁጥር ይጠብባል። የትምህርት መንገድም ጠባብ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ መካከል ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ለብዙ ወጣት ብቸኛው የተከፈተ በር መስሎ ይታያል። የጉዞው ወጪ የሚሸፈነው ከብት ተሸጦ፣ መሬት በመያዣ ተሰጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮና ዕቁብ ተጥሎ ነው። ስለዚህ ዕዳው የአንድ ሰው ሳይሆን የቤተሰቡ ሁሉ ነው።

ይህ ሰንሰለት በብዙ ቦታ ሊበጠስ ይችላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኝተዋል። ሌሎች በመተላለፊያ አገሮች እስር ቤቶች ከርመው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ደርሰው ሱቅ የከፈቱትም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2015 እና በ2019 በውጭ አገር ዜጎች ላይ በተነሡት ጥቃቶች ንብረታቸው ተዘርፏል። ከስደት ተመላሹ የሚገጥመው የገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም፤ የአባቱ መሬትና የእናቱ ላም በእሱ ስም እንደጠፉ እያሰበ በጎረቤት ፊት መቆም አለበት። በእንግሊዝ በአዋቂዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ባለዕዳዎች ራስን ስለማጥፋት የማሰብ ዕድላቸው ዕዳ ከሌለባቸው በእጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። ወሬው የጠፋበት ቤተሰብም አስከሬን ሳይቀብር፣ ለቅሶ ሳይቀመጥ በጥርጣሬ ይኖራል።

የኑሮ ሁኔታ ከተለወጠ ሥጋቱም እንደሚለወጥ ማስረጃ አለ። በኢንዶኔዥያ ለድሃ ቤተሰቦች የተሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ራስን የማጥፋትን መጠን በ18 በመቶ እንደቀነሰ ተረጋግጧል። ስሪላንካም ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑ ፀረ ተባዮችን በማገዷ በአሥርት ዓመታት ውስጥ የሟቾችን ምጣኔ ከግማሽ በላይ ቀንሳለች። ሁለቱም እርምጃዎች የተወሰዱት ከሐኪም ክፍል ውጭ ነው። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ተመላሾችን በዕዳ የተያዘ ቤተሰባቸው መሠረት አድርጎ መመልከትና የፀረ ተባይ ሽያጭና አቀማመጥን መቆጣጠር ለእኛም የሚቻሉ ናቸው።

አካባቢው የራሱ አቅምም አለው። ዕድር ቤተሰቡ ሲያዝን ድንኳን ይተክላል፣ ገንዘብ ያወጣል፣ ሰው ያሰባስባል፤ ይህን ሁሉ ግን የሚያደርገው ከሞት በኋላ ነው። ከዚህ አቅም ጥቂቱ ቀድሞ ለሕያው ቢውል፣ ለምሳሌ ተመላሹ በመጣ ሳምንት አበዳሪና ተበዳሪ በሽማግሌ ፊት ተቀምጠው የመክፈያው ጊዜ ቢራዘም፣ ኀፍረቱ የአንድ ሰው ሸክም ከመሆን ይድናል። በከምባታ «ሴራ» የሚባለው ባህላዊ ሥርዓት (ቃሉ በአማርኛ ካለው ትርጉም የተለየ ነው) ለዚህ ዓይነቱ ሽምግልና የተመቸ ነው።

የጤና አገልግሎቱም ከዚህ ጋር መያያዝ ይገባዋል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተካሄደው የአእምሮ ጤና መርሐ ግብር በጤና ጣቢያ ያሉ ባለሙያዎች ሠልጥነው ሕክምናውን መስጠት እንደሚችሉ አሳይቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ተስፋ መቁረጥ በግልጽ ቢጠይቁ፣ ጥያቄው ሐሳቡን እንደማይፈጥር ይልቁንም ለእርዳታ በር እንደሚከፍት የዓለም ጤና ድርጅት ያስገነዝባል። ከፍተኛ ሥጋት ያለበት ሰው ሳይዘገይ በሆሳዕና ወደሚገኘው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ሊላክ ይገባል፤ ጸሎትም ሕክምናን አይከለክልም።

ለተመራማሪዎች የሚቀረው ተግባር ግልጽ ነው። በመጠይቆቻችን ውስጥ «ገቢዎ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ዕዳው ለምን እንደተገባ፣ ለማን እንደሚከፈል፣ መያዣው ምን እንደሆነና ቤተሰቡ ስለ ዕዳው በግልጽ መነጋገር ይችል እንደሆነ አብሮ ሊጠየቅ ይገባል። ይህ ካልተለካ ተመሳሳይ ገቢ ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች በመረጃችን ላይ አንድ ሆነው ይታያሉ፤ የአንዱ ቤት ግን ከሌላው የከበደ ሥጋት ተሸክሞ ይሆናል።