ያለ መርዝ አይጥ ለመያዝ፦ ከባልዲና ከባዶ ሃይላንድ የሚሠራ ወጥመድ



በምዕራብ ጎጃም በቆሎው ተሸልቅቆ፣ ጤፉ ተወቅቶ ወደ ቤት ሲገባ አይጥም አብራ ትገባለች። ማሳው ባዶ ሲሆን እህሉን ተከትላ ትመጣለች። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ዙሪያ ገጠር ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚያስበው መርዝን ነው።

በቡሬ አቅራቢያ በምናስተምርበት ዘመን ቤት ያከራዩን እናት መርዝ በቂጣ ለውሰው ከጎተራው ሥር አስቀመጡ። ከሦስት ቀን በኋላ ሞታ የተገኘችው ድመታቸው ነበረች። የተመረዘች አይጥ ሳትበላ አልቀረችም። «ጠባቂዬን በገዛ እጄ ገደልኳት!» ያሉት ዛሬም ከጆሯችን አልጠፋም። በዚያው ቤት ዶሮም ነበረ፤ መሬት ላይ የሚድህ ሕፃንም ነበረ።

ዲናችን አይጥን መግደል አልከለከለም። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት አይጥ በሐረም ክልል ውስጥ እንኳ መግደል ከተፈቀደባቸው አምስት ጎጂ እንስሳት አንዷ ናት። ነገር ግን መግደል ተፈቀደ ማለት ማሰቃየት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ፣ የሚገደል እንስሳ እንኳ አገዳደሉ ማማር እንዳለበት አስተምረዋል። አይጧን ተጣብቃ ለቀናት እንድትሰቃይ የሚያደርግ ሙጫ ከዚህ ትምህርት ጋር አብሮ አይሄድም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

20 ሊትር የሚይዝ ጎኑ ለስላሳ ባልዲ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ ቀጥ ያለ ጠንካራ ሽቦ፣ መወጣጫ የሚሆን ጣውላ፣ ጥቂት ገለባ፣ ለማባበያ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ወይም ኑግ።

አሠራሩ

1. የሃይላንዱን ክዳንና ቂጥ መሃል ለመሃል በጋለ ምስማር ብሱና ሽቦውን አሳልፉበት። ሃይላንዱ በትንሽ ንክኪ መሽከርከር አለበት።

2. ከባልዲው አፍ ዝቅ ብሎ ግራና ቀኝ ቀዳዳ አውጡ። ሽቦውን በአፉ ላይ አጋድሙና ጫፎቹን እጠፉ።

3. ማባበያውን በሃይላንዱ ወገብ ዙሪያ በስሱ ቀቡ። በአንድ ጎን ብቻ ከተቀባ ሃይላንዱ ወደዚያው ያጋድላል።

4. ባልዲውን ግድግዳ ጥግ አስቀምጡ፤ አይጥ ጥግ ይዛ መሄድ ትወዳለች። ጣውላውን ከመሬት እስከ ሽቦው ጫፍ አስደግፉ።

5. ከባልዲው ሥር ገለባ አንጥፉ፤ ውኃ አታድርጉ። አይጧ ማባበያውን ፍለጋ ሃይላንዱን ስትረግጥ ይሽከረከራል፤ እሷም ሳትጎዳ ገለባው ላይ ትወድቃለች።

ይህ ወጥመድ ለትንሿ የቤት አይጥ ነው፤ አይጠ መጎጥ ዘሎ ሊወጣ ይችላል።

ከተያዘች በኋላ

ትልቁ ኃላፊነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንዳትበላ ከልክላት በረሃብ ስለገደለቻትና በዚህም ስለተቀጣችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን። በባልዲ ውስጥ የተረሳች አይጥም ከዚያ የተለየች አይደለችም። ስለዚህ በየቀኑ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ባልዲውን ማየት ግድ ነው። ማየት ካልቻላችሁ ወጥመዱን አንሱት።

አይጧን የምትለቁ ከሆነ ከመኖሪያና ከእርሻ ራቅ ወዳለ ቁጥቋጦ ውሰዷት። ከጎረቤት ማሳ ዳር መልቀቅ ጉዳቱን ከእኛ ወደ ሌላው ማዛወር ነው፤ ይህ ደግሞ ርኅራኄ አይባልም። መግደል ግድ ከሆነም በአንድ ምት ይሁን። በባዶ እጅ አትንኳት፤ ሽንቷ በሽታ ስለሚያስተላልፍ ባልዲውንም እጃችሁንም በሳሙና እጠቡ።

ወጥመድ ብቻውን ግን አይበቃም። እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ለቤት አይጥ በቂ በር ስለሆነ ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኑ። ጎተራውን 1 ሜትር ያህል ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በእግሮቹ ላይ እንደ ተደፋ ቁና አድርጋችሁ ቆርቆሮ አልብሷቸው። ያልገባችን አይጥ መያዝም መግደልም አያስፈልግም።

ወላሁ አዕለም።