ከስፖልዲንግ በላይ የተሰማው ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1940 እንግሊዝ ምድር ላይ ከወደቁት የጀርመን ሃይንክል አውሮፕላኖች በአንዱ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ተገኘ። «ክኒከባይን» የሚል ስምና የአቅጣጫ ቁጥር ተጽፎበታል። ወረቀቱን የተመለከተው በአየር ኃይል ሚኒስቴር የስለላ ክፍል የሚሠራው የ28 ዓመቱ የፊዚክስ ሊቅ አር. ቪ. ጆንስ፣ ጀርመኖች ቦምብ ጣዮቻቸውን በሌሊት የሚመራ የሬዲዮ ጨረር እንደዘረጉ ጠረጠረ። ነገር ግን ጨረሩን የሚቀበለው መሣሪያ የታለ? የወደቁት አውሮፕላኖች ተበረበሩ፤ አዲስ ነገር ጠፋ።

አንድ ቀን ምርኮኛ አብራሪ፣ ጆሮ እንደተጣለበት ሳያውቅ፣ እንግሊዞች የቱንም ያህል ቢፈልጉ ዕቃውን እንደማያገኙት ለጓደኛው ተናገረ። ሌላው ሰው ፉከራ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ጆንስ ግን ዕቃው ዓይናቸው ሥር ቢሆንስ ብሎ አሰበ። የሃይንክሉን ዕቃዎች ለመረመረው መሐንዲስ ደወለና፣ አብራሪዎች በጭጋግ ለማረፍ ስለሚጠቀሙበት ተራ መቀበያ ጠየቀው። መሐንዲሱ የተለየ ነገር እንደሌለው ከመለሰ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለው፦ መቀበያው ለማረፊያ ከሚያስፈልገው እጅግ የደከመ ምልክት እንኳ ይይዝ ነበር።

ጁን 21 ቀን ጆንስ ጉዳዩን በጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ፊት አስረዳ፤ ፍለጋውም ተፈቀደ። ከሰዓት በኋላ ግን የታወቀው የሬዲዮ ሊቅ ቶማስ ኤከርስሊ እንዲህ ያለ ሞገድ የምድርን ጉብጠት ተከትሎ ከጀርመን እንግሊዝ ሊደርስ እንደማይችል ተናገረ። ቀደም ሲል የተላኩት አውሮፕላኖችም ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ነበርና በረራው ይቅር የሚል ሐሳብ ተነሣ። ጆንስ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ትእዛዝ የሰረዘው ሰው ማን እንደሆነ ለራሳቸው ለቸርችል እንደሚያሳውቅ ተናግሮ አፋጠጣቸው።

የዚያን ሌሊት ሻምበል ባፍተንና የአሥር አለቃ ማኪ በአንሰን አውሮፕላን ከዋይተን የአየር ኃይል ጣቢያ ተነሡ። የያዙት መቀበያ ለአማተር ሬዲዮ ወዳጆች የተሠራ የአሜሪካ ዕቃ ነበር። ወደ ሰሜን ሲበርሩ ነጥብ የሚባለው አጭር ድምፅ እየተደጋገመ ተሰማ። ስፖልዲንግ ከተማ አጠገብ ሲደርሱ ነጥቡ ወደማይቋረጥ አንድ ድምፅ ተለወጠ፤ አለፍ ሲሉ ሰረዝ ወደሚባለው ረዘም ያለ ድምፅ ተቀየረ። ስፋቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ጨረር አቋርጠዋል ማለት ነው!

ፍለጋቸውን ቀጠሉና ሁለተኛ ጨረር አገኙ። በማግስቱ ሁለቱ መስመሮች ካርታ ላይ ሲዘረጉ የተገናኙት ደርቢ ላይ ነበር። የስፒትፋየርና የሃሪኬን ተዋጊዎች የሚበሩበት የመርሊን ሞተር የሚሠራበት የሮልስ ሮይስ ፋብሪካ እዚያ ነበር። እንግሊዞች ለዚህ የተዘጋጀ ማወኪያ አልነበራቸውም፤ መጀመሪያ ጨረሩን የረበሹት ለሕክምና በሚያገለግሉ የሆስፒታል የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ነበር።