ኬሚስትሪ ለደረሳቸው ልጆቻችን፦ መርካቶ በየቀኑ የሚነግደው፣ ግን የማያስተምረው ሙያ

የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ምደባ በወጣ ቁጥር በመርካቶና አካባቢው ባሉ ብዙ ቤቶች አንድ ዓይነት ወሬ ይሰማል። ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ የደረሰው ልጅ ቤት ደስታ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ "ማሻአላህ" ይላል። "ኬሚስትሪ ደረሰኝ" ያለው ልጅ ግን አንገቱን ደፍቶ ይገባል። "ተምረህ ምን ልትሆን ነው? አስተማሪ?" የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ጥቂት ቆይቶ አባት "ሱቅ ብትገባ አይሻልህም ወይ?" ማለት ይጀምራል።

ይህ ጥያቄ ከንቀት ብቻ የመጣ አይደለም። ወላጅ ልጁ ዓመታት ደክሞ ሥራ ፈት እንዳይሆንበት ይሰጋል፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ኬሚስትሪ ምን እንደሚያስተምር፣ የት እንደሚያደርስና ምን እንደሚጠይቅ ሳንሸፋፍን ለማስረዳት እንሞክራለን። አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንበል። መርካቶ ለኬሚስትሪ እንግዳ አይደለም፤ ከማለዳ እስከ ማታ የሚገዛውና የሚሸጠው እሱኑ ነው። የሚጎድለው የዕቃውን ውስጥ መርምሮ "ይህ ነገር ይህ ነው" ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ባለሙያ ነው።

በየተራው ያለው ኬሚስትሪ

ከቆርቆሮ ተራ እንጀምር። የጣራ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ እርጥበቱን ስለሚጋፈጥ ብረቱን ከዝገት ያድነዋል። ልባሱ ስስ ከሆነ ጣራው ቶሎ ይዝጋል። ሁለት ቆርቆሮዎች በዓይን አንድ መስለው በዕድሜ የሚለያዩት ለዚህ ነው።

ወደ ሳሙና ሻጮች እንለፍ። ደረቅ ሳሙና የሚገኘው ቅባት ወይም ዘይት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ከዚያው ሂደት ግሊሰሪንም ይወጣል። ሶዳው ከበዛ ሳሙናው እጅ ይልጣል፤ ካነሰ ቅባቱ ሳይለወጥ ይቀራል። በጀሪካን የሚሸጠው ላርጎና በረኪናም እንዲሁ በልክ የሚሠራ ነው።

በርበሬ ቀይ የሚሆነው በአንድ ወገን ንጥረ ነገሮች፣ የሚያቃጥለው ደግሞ ካፕሳይሲን በሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ቀለሙ ያማረ ሁሉ ጥሩ በርበሬ አይደለም። ወርቅ ቤት ስንገባ ደግሞ 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ፣ 21 ካራት 87.5 ከመቶ፣ 18 ካራት 75 ከመቶ ወርቅ ነው። ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው፤ በምርመራ ማረጋገጥ ግን ሙያ ይጠይቃል።

ባለሙያው ሲታጣ

ዕውቀቱ በማይኖርበት ቦታ ጉዳት ይመጣል። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር የቀላቀለ ሰው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ለመግደል ያገለገለ መርዝ ነው። ብዙ እናቶችና እህቶች "ሁለቱ ሲደባለቁ የበለጠ ያጸዳሉ" በሚል በር ዘግተው ሲያጸዱ ሳያውቁት ራሳቸውን ለአደጋ ያጋልጣሉ። ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ የተቀዳ በረኪና ደግሞ ይህን የሚያስጠነቅቅ ቃል እንኳ የለውም።

የምግቡም ነገር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ "ሱዳን 1" የተባለ፣ ለምግብ የተከለከለ ቀይ የኢንዱስትሪ ቀለም በቃሪያ ዱቄት ውስጥ ተገኝቶ በመቶ የሚቆጠሩ የምግብ ዓይነቶች ከየሱቁ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ወደ ውጭ በርበሬ የሚልክ ነጋዴያችን ዕቃው ወደብ ላይ ከመመለሱ በፊት እዚሁ ሊያስመረምረው ይገባል። በአገራችንም ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በአዲስ አበባ ዙሪያ የተሰበሰበ ወተት ሲመረመር አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ተገኝቶበታል። ምንጩም በአብዛኛው ላሞቹ የሚመገቡት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ያን መርዝ ዓይን አያየውም፤ ምላስም አይለየውም። ያገኘው ቤተ ሙከራ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ውስጥ አስገብተው፣ ከላይ ደረቅ የመሰለው ከውስጥ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት ከሐዲስ እናውቃለን። ባለ እህሉንም የረጠበውን ሰው እንዲያየው ከላይ እንዲያደርገው አስተምረውታል። ላዩን አይቶ አለማለፍና ውስጡን መፈተሽ ለገበያችን አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። ኬሚስት የሚሆን ልጅ ይህን አማና በመሣሪያ ይሠራዋል።

ዩኒቨርሲቲ ምን ይማራል?

በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳሉ፤ ከዚያ በውጤታቸውና በምርጫቸው ወደ ትምህርት ክፍል ይመደባሉ። ኬሚስትሪ የመጀመሪያውን ዓመት ጨምሮ በጠቅላላው አራት ዓመት ይፈጃል። ትምህርቱ በአራት ዋና ዋና ዘርፎች ይከፈላል።

አናሊቲካል ኬሚስትሪ አንድ ነገር ውስጥ ምን እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ መለየትን ያስተምራል፤ የወርቁ፣ የበርበሬውና የወተቱ ጥያቄ እዚህ ይመለሳል። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በካርቦን ላይ የተመሠረቱትን፣ ማለትም መድኃኒትን፣ ሽቶን፣ ሳሙናን፣ ፕላስቲክንና የዕጣን ዘይትን ይመለከታል። ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የማዕድን፣ የብረታ ብረት፣ የሲሚንቶና የማዳበሪያ ዓለም ነው። ፊዚካል ኬሚስትሪ ደግሞ ለውጥ ለምን እንደሚፈጠር፣ በምን ፍጥነትና በምን ያህል ኃይል እንደሚካሄድ ያጠናል፤ ባትሪ የሚሠራው በዚህ ዕውቀት ነው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያቀላቅሏቸው ዘመድ ትምህርቶችም አሉ። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ በብልቃጥ የተሠራውን በፋብሪካ ደረጃ ማምረትን፣ ፋርማሲ መድኃኒትንና አጠቃቀሙን፣ ባዮኬሚስትሪ በሕያው አካል ውስጥ ያለውን ሂደት ያስተምራሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚሰጠው ከመርካቶ ብዙም በማይርቀው በአራት ኪሎ ግቢ ነው። በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ወደ ፋብሪካ ያደላ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ይሰጣል።

ሲመረቅ የት ይሠራል?

አንደኛው ሰፊ በር የፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ነው። ሲሚንቶ፣ ስኳር፣ ቀለም፣ ሳሙና፣ ቆዳ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ለስላሳ መጠጥና መድኃኒት የሚያመርቱ ድርጅቶች ጥሬ ዕቃው ሲገባም ምርቱ ሲወጣም የሚመረምር ኬሚስት ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛው የመንግሥት ተቆጣጣሪና መርማሪ ተቋማት ናቸው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅትና የጂኦሎጂ ቤተ ሙከራዎች በዚህ ይጠቀሳሉ። የፖሊስ ፎረንሲክ ምርመራም እንዲሁ። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣልን ውሃ በአሉሚኒየም ሰልፌት ጠርቶ በክሎሪን ሲታከም መጠኑን የሚለካው ይህ ሙያ ነው። ብሔራዊ ባንክም ከባህላዊ አምራቾች የሚገዛው ወርቅ ንጽሕናው መመርመር አለበት።

ሦስተኛው ማስተማርና ምርምር ነው። "አስተማሪ" የሚለውን ቃል እንደ ስድብ መስማት ማቆም አለብን። ዶክተሩንም ኢንጂነሩንም ኬሚስትሪ ያስተማረው አስተማሪ ነው። በእርግጥ ማስተማር ለሚፈልግ የመምህርነት ሥልጠና በተጨማሪ ያስፈልገዋል።

አራተኛው የራስ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ የመርካቶ ልጅ ከሌላው ይቀድማል። ጥሬ ዕቃው የት እንደሚገኝ፣ ገዢው ምን እንደሚፈልግ፣ ዋጋው እንዴት እንደሚቆረጥ ከልጅነቱ ያውቃል። ዕውቀቱን ሲጨምርበትና የብቃት ማረጋገጫ ሲያወጣ ሳሙናም፣ ማጽጃም፣ ሽቶም በልክና በስሙ አምርቶ መሸጥ ይችላል። "ሱቅ ግባ" ለሚለው አባትም መልሱ ይኸው ነው፤ ልጁ ሱቁን ትቶ አልሄደም፤ ሱቁ የሚያስፈልገውን ዕውቀት ሊያመጣ ነው የሄደው።

የሐላል ጉዳይ

ለእኛ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ዘርፍ አለ። ከውጭ በሚገቡ ምግቦች ላይ "ኢ 471" የሚል ምልክት እናያለን። ይህ ንጥረ ነገር ከዕፅዋትም ከእንስሳም ስብ ሊሠራ ይችላል። "ኢ 120" የሚባለው ቀይ ቀለም ከነፍሳት ይገኛል። የመድኃኒት ካፕሱል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከጀላቲን ነው፤ ጀላቲን ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል። የአሳማ ይሁን የከብት በዘመናዊ ምርመራ መለየት ይቻላል። የ"ኢ 471" ምንጭ ግን ከመጨረሻው ምርት ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይለይ ከፋብሪካው ጀምሮ በሰነድ መከታተል ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት የሚያውቀው ኬሚስቱ ነው።

በፊቅህ ኢስቲሃላ፣ ማለትም የአንድ ነገር ባሕርይ ፈጽሞ መለወጥ፣ የታወቀ ርዕስ ነው። በራሱ ወደ ኮምጣጤ የተለወጠ የወይን ጠጅ የዚህ ምሳሌ ነው። በጀላቲን ላይ ግን ዑለማዎች ይለያያሉ። ሑክሙን መስጠት የዑለማዎች ነው፤ ነገሩ በእርግጥ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም የሚለውን አስረድቶ መመስከር ግን የኬሚስቱ ድርሻ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ አንዱ ያለ መረጃ፣ ሌላው ያለ ብይን ይቀራሉ።

የቀደሙን ሰዎች

"አልካሊ"ና "አልኮል" የሚሉት ቃላት ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የጃቢር ኢብኑ ሀያን ስምም ከዚህ ሙያ ጅማሬ ጋር ይነሣል። በዘመናችን ግብፃዊው አሕመድ ዘወይል እ.ኤ.አ. በ1999፣ ቱርካዊው አዚዝ ሳንጃር በ2015 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። በ2025 ከሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር የተሸለመው ዑመር ያጊ ደግሞ አማን ውስጥ ከፍልስጤም ስደተኛ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ቤተሰቡ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከከብት ጋር ይኖር እንደነበር ራሱ ተናግሯል። እሱ ከፈጠራቸው ቁሶች አንዱ ከበረሃ አየር ውሃ ያጠምዳል።

ከአገራችንም አዲስ አበባ የተወለደችው ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ በነዳጅ ሴል ምርምር በዓለም ታውቃለች። ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኘ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እሬትንና ዕጣንን ጨምሮ የአገራችንን ዕፅዋት በኬሚስትሪ አጥንተዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዝያን መተላለፊያ የሚገታ ነገር አገኙ። ኬሚስቶች ከእንዶዱ ያወጡት ንጥረ ነገርም በስማቸው "ለማቶክሲን" ተብሏል። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት የነበረው እንዶድ ነው።

ሳንሸፋፍን

ዲግሪው ብቻውን ሥራ አይሰጥም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና መውሰድና ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። ቀጣሪ የሚፈልገው በመሣሪያ የሠራ እጅ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች በእረፍት ወራት በፋብሪካ ወይም በቤተ ሙከራ ልምምድ ይጠይቁ፤ የኮምፒውተርና የእንግሊዝኛ ችሎታቸውን ያዳብሩ፤ ቤተ ሙከራዎች የሚመዘኑበትን አይ ኤስ ኦ 17025 የተባለውን ደረጃ ይወቁ። ሒሳብ የሚጠላና ደጋግሞ መለካት የሚሰለቸው ሰው ይህ ሙያ ይከብደዋል።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ "ኬሚስትሪ ደረሰኝ" ብሎ ሲመጣ ከማዘናችሁ በፊት ሱቃችሁ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ አንስታችሁ "ይህ ከምን እንደተሠራ ተምረህ ንገረኝ" በሉት። ነጋዴዎቻችንም ለእነዚህ ልጆች የልምምድ በር ክፈቱላቸው። ነገ የዕቃችሁን እውነተኛነት በእጁ ይዞ ገዢ ፊት የሚቆምላችሁ እሱ ሊሆን ይችላል። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጣቸው፤ መንገዱንም ያግራላቸው።