ሆድ ጊዜ ይሻል
የአመጋገብ ልማድና የምግብ መፈጨት

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን የሚያዋስኑ፣ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ ሥራቸው አዲስ አበባ በመሆኑ ማልደው ይወጣሉ፤ አምሽተው ይገባሉ። ቁርስ በችኮላ ይጎረሳል ወይም ይታለፋል፤ የቀኑ ዋና ምግብ እራት ይሆንና ከማዕድ እንደተነሡ ወደ መኝታ ይኬዳል። በሰበታ ፋብሪካዎች በፈረቃ ለሚሠሩትም የምግብ ሰዓት ይለዋወጣል። ሆድ ሲነፋና ቃር ሲያስቸግር ግን ጥፋቱ በሽሮው ወይም በበርበሬው ላይ ይጣላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ትኩረት የምናደርገው ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ምግብ ለመፈጨት በሚያስፈልገው ጊዜ ላይ ነው።

ምግብ የሚያደርገው ጉዞ

ምግብ መፈጨት የሚጀምረው በአፍ ውስጥ ነው። ጥርስ ምግቡን ሲያደቅቅ በምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ስታርችን መሰባበር ይጀምራል። ሳያላምጡ በችኮላ መዋጥ ይህን ሥራ ከማጓደሉም በላይ ከጉርሻው ጋር አየር እንድንውጥ ያደርጋል፤ ግሳትና መነፋትም ይከተላል። በጨጓራ ውስጥ አሲድና ፔፕሲን ፕሮቲንን ማፈራረስ ይጀምራሉ። ጨጓራ ምግቡን እያሸ ወደ ትንሹ አንጀት የሚለቀው በጥቂት በጥቂቱ ነው። በዚያም ከቆሽት የሚመጡ ኢንዛይሞችና ከጉበት የሚመነጨው ሐሞት ሥራውን ይቀጥላሉ። ጠጣር ምግብ ከጨጓራ ተጠቃሎ እስኪወጣ 4 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ቅባት ሲበዛበት ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል።

ጨጓራ ከምግብ ቧንቧ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ቀለበት የዞረ ጡንቻ አለ። ተግባሩም አሲድ ወደ ላይ እንዳይመለስ መዝጋት ነው። ጨጓራ ከልክ በላይ ሲሞላ ይህ ጡንቻ በቀላሉ ይላላል፤ ስንጋደም ደግሞ አሲዱን ወደ ታች ይይዝ የነበረው የመሬት ስበት እገዛ ይቀራል። የሌሊት ቃር ዋነኛ መንሥኤ ይህ ነው። ስለዚህ በእራትና በመኝታ መካከል ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቢኖር ይመረጣል። አምሽቶ ለሚገባ ሰው ይህ የማይቻል ከሆነ ጠንከር ያለውን ምግብ ወደ ምሳ ማዛወር፣ ታክሲ ከመሳፈሩ በፊት መክሰስ ቢጤ መቅመስና እራቱን ማሳነስ ይረዳዋል። ወደ ግራ ጎን ጋደም ማለትና የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግም ቃርን ይቀንሳል።

ከገበታ በፊት የሚጀመር ሥራ

የአገራችን ወጥ ቤት የመፍጨቱን ሥራ ከፊሉን ከሆድ ውጪ ሲያከናውን ኖሯል። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ተቦክቶ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ሲቆይ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣሉ። ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ውሁድም በከፊል ይፈራርሳል። በችኮላ የተጋገረ አፍለኛ እንጀራ ይህን ጥቅም ያጎድላል።

ባቄላ፣ ሽምብራና አተር ራፊኖስና ስታኪዮስ የተባሉ ስኳሮችን ይዘዋል። ሰው እነዚህን የሚፈጭ ኢንዛይም ስለሌለው ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ይመገቧቸውና ጋዝ ያመነጫሉ። ለጸሎተ ሐሙስ የሚሠራው ጉልባን ባቄላና ስንዴው አስቀድሞ መዘፍዘፉ እዚህ ላይ ትርጉም አለው፤ ስኳሮቹ በከፊል ወደ ውኃው ስለሚወጡ፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍቶ በአዲስ ውኃ መቀቀል መነፋትን ይቀንሳል። ጥራጥሬን ጨርሶ መተው ግን አይመከርም፤ አሠሩ የሆድ ድርቀትን ይከላከላልና። ያልለመደ ሰው መጠኑን ቀስ በቀስ ይጨምር፤ ውኃም አብዝቶ ይጠጣ።

ሱሉልታ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡ አካባቢዎች አንዷ ናት። በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም በብዙ ሰዎች ዘንድ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ላክቴዝ በአዋቂነትም እንዲቀጥል የሚያደርጉ በርካታ የዘረ መል ልዩነቶች በኢትዮጵያውያን መካከል መኖራቸውን አሳይቷል። በአንድ ማዕድ ከተቀመጡት አንዱ ወተት ጠጥቶ ሲስማማው ሌላውን ሆዱን የሚያንጫርረው ለዚህ ነው። እርጎ ውስጥ ባክቴሪያዎች የላክቶሱን ከፊል አስቀድመው ስለሚለውጡት ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይስማማል። መርጋቱ ብቻ ግን በሽታ አምጪዎችን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በተመረመሩ የወተት ከብቶች መካከል የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሰፊ ሥርጭት እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ ወተቱን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞና በንጹሕ እርሾ አርግቶ መጠቀም ይገባል።

ከጾም ወደ ፍስክ

ከ55 ቀን ጾም በኋላ፣ በፋሲካ ሌሊት፣ ዶሮ ወጥና ሥጋ ተበልቶ ወዲያው ይተኛል። ቅባት የጨጓራን ሥራ ያዘገያል፤ መጋደም ቃርን ያመጣል፤ ለወራት የአትክልት ምግብ የለመዱት የአንጀት ባክቴሪያዎችም ከአዲሱ ምግብ ጋር ለመለማመድ ቀናት ያስፈልጓቸዋል። በአንዳንድ ቤቶች አስቀድሞ የሚጠጣው ተልባ የሚያሟልጭና የሚሟሟ አሠር ስላለው መልካም መሸጋገሪያ ነው። በረመዳን ጾምን በተምርና በሾርባ ማፍጠርም ሆድን በቀስታ ያሠራዋል። በመጀመሪያው ማዕድ ትንሽ መቅመስ፣ ቅቤና ሥጋውንም በተከታዮቹ ቀናት ማከፋፈል ይበጃል።

ልማድ ብቻውን የማይፈታው

በእኛ ዘንድ «ጨጓራ አለብኝ» ማለት የተለመደ ነው። በርበሬ ሕመሙን ሊያባብስ ቢችልም የጨጓራ ቁስለት ዋነኛ መንሥኤ ግን አይደለም። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ1982 እ.ኤ.አ. በጨጓራ ውስጥ የሚኖረውን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ለይተው ለቁስለት መንሥኤ መሆኑን በማስረዳታቸው በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ባክቴሪያ በምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪም በሚያዘው መድኃኒትም ይድናል። ሁለተኛው መንሥኤ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ማዘውተር ነው። ጨጓራውን የሚያመው ሰው እነዚህን ያለ ሐኪም ምክር ገዝቶ ቢወስድ ጉዳቱን ያባብሳል። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ከታየ የአመጋገብ ለውጥን መሞከር ሳይሆን ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ሽሮውም ሆነ እንጀራው የሆድ ጠላት አይደለም። ለሊጡ የመብኪያ፣ ለባቄላው የመዘፍዘፊያ፣ ለጉርሻው የመላመጫ፣ ለእራቱ የመርጊያ ጊዜ ከሰጠናቸው ያው የለመድነው ማዕድ ይስማማናል። መንገዱ የወሰደብንን ሰዓት ሁሉ ማስመለስ ባንችልም፣ ከተረፈን ላይ ለሆድ የሚገባውን ድርሻ መመደብ ግን በእጃችን ነው።