የአሸዋ ውሃ ማጣሪያ አያያዝ



ከወንዝ፤ ከኩሬ ወይም ካልተከለለ ምንጭ የተቀዳ ውሃ ኩልል ብሎ ቢታይም ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። በዓይን የማይታዩ የበሽታ ተሐዋስያን ከሰውና ከእንስሳ ዓይነ ምድር ተነሥተው፤ በጎርፍ ተጠርገው ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ሕፃናትን በተቅማጥ የሚጥሏቸው፤ አንዳንዴም ከእናታቸው እቅፍ የሚነጥቋቸው እነዚህ ናቸው። ይህን በመረዳት በየገጠሩ አንዳንድ ቤተ ሰቦች የአሸዋ ውሃ ማጣሪያ በቤታቸው አስቀምጠዋል። መልካም አድርገዋል። ነገር ግን ማጣሪያው ቤት ስለገባ ብቻ ሥራው አለቀ አይባልም። ላምም ብትሆን ካልያዟት ወተት አትሰጥም። ስለዚህ አያያዙን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ማጣሪያው እንዴት ያለ ነው?

ከሲሚንቶ የተሠራ፤ ቁመቱ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ ሣጥን ነው። ከሥሩ ትልልቅ ጠጠር፤ ከዚያ በላይ ደቃቅ ጠጠር፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ተነፍቶ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ይሞላበታል። ከአሸዋው ከፍ ብሎ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ይቀመጣል። ሰሌዳው የሚፈሰውን ውሃ እየከፋፈለ ስለሚያወርደው አሸዋው አይቦረቦርም። የተጣራው ውሃ ከሥር በቱቦ ወደ ላይ ወጥቶ በጎን ይፈሳል። የቱቦው አፍ ከአሸዋው ጥቂት ከፍ ስለሚል ከአሸዋው በላይ ሁልጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ተኝቶ ይቀራል።

በአሸዋ ማጣራት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1892 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር፤ በሐምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጎረቤቷ የአልቶና ከተማ ከዚያው ከኤልበ ወንዝ፤ ያውም የሐምቡርግ ቆሻሻ ከተደፋበት በታች ትቀዳ ነበር። ይሁን እንጂ አልቶና ውሃዋን በአሸዋ እያጣራች ትጠጣ ስለነበር መከራው እንደ ሐምቡርግ አልበረታባትም። ሐምቡርግ ግን ሳታጣራ ትጠጣ ነበር። ኋላም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዴቪድ ማንዝ የተባሉ የካናዳ መሐንዲስ ይህንኑ ዘዴ አሳንሰው ለአንድ ቤት እንዲስማማ አደረጉት።

አሸዋው ውስጥ ያለው «እርሾ»

አሸዋው ውሃውን እንደ ወንፊት ብቻ የሚያጣራ ይመስላችሁ ይሆናል። ሥራው ግን ከዚያ ይበልጣል። ውሃ በየቀኑ ሲፈስበት በአሸዋው ፊት ላይ ስስ ሽፋን ይበቅላል። በዚህ ሽፋን ውስጥ የማይጎዱን ጥቃቅን ነፍሳት ይኖራሉ፤ እነሱም በሽታ የሚያመጡትን ተሐዋስያን ይበሏቸዋል። አልፈው ወደ ታች የወረዱትም አሸዋው ላይ ተጣብቀው፤ ምግብና አየር አጥተው ይሞታሉ።

ይህን ሽፋን እንደ እንጀራ እርሾ ቁጠሩት። ባለሙያ ሴት ቡሃቃዋን ስታጥብ እርሾውን ጠርጋ አትደፋም፤ ለሚቀጥለው ሊጥ ታስቀራለች። «አሸዋው ቆሽሿልና አውጥተን በሳሙና እንጠበው» የሚሉ እናቶች አሉ። ለንጽሕና ማሰባቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ነገር ግን አሸዋው ወጥቶ ከታጠበ እርሾው ተደፋ ማለት ነው። ማጣሪያውም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እርሾው በደንብ እስኪበቅል እስከ 30 ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ የተጣራውን ውሃ አፍልቶ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ ጨምሮበት መጠጣት ያስፈልጋል። ከ30 ቀን በኋላም ቢሆን ማጣሪያው ሁሉንም ተሐዋስያን ፈጽሞ ስለማያስቀር በተለይ ለሕፃናትና ለሕመምተኞች የሚሰጠውን ውሃ እንዲሁ ማከም ይሻላል።

የየቀኑ አያያዝ

1ኛ፤ በየቀኑ ውሃ አፍሱበት። ከ48 ሰዓት በላይ ካልተፈሰሰበት እርሾው ይራባል። ባንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁ በኋላ ደግሞ መውረዱን ሲያቆም ቢያንስ 1 ሰዓት አሳርፉት። ሳያርፍ በላይ በላዩ የሚፈስበት ማጣሪያ በደንብ አያጣራም።

2ኛ፤ ውሃው የደፈረሰ ከሆነ በቅድሚያ በእንስራ ወይም በባልዲ አሳድሩትና ጠሎ ሲያድር ከላይ ያለውን ብቻ አፍስሱ። መጥለሉን ለማወቅ ውሃውን በ2 ሊትር ነጭ የላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ ትልልቅ ፊደል ባለበት ወረቀት ላይ አቁሙት። በጠርሙሱ አፍ ቁልቁል ስትመለከቱ ፊደሉ ከታየ ይበቃዋል፤ ካልታየ ገና ነው።

3ኛ፤ በተቻለ መጠን ከአንድ ቦታ ብቻ የተቀዳ ውሃ አፍሱበት። እርሾው የለመደውን ውሃ ይወዳል።

4ኛ፤ ከአሸዋው በላይ የሚተኛው ውሃ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆኑን ተመልከቱ። ቢጎድል እርሾው ይደርቃል፤ ቢበዛ አየር ያጥረዋል። ስለዚህ በቱቦው አፍ ላይ ጎማ አትቀጥሉበት፤ ቧንቧም አትግጠሙበት።

5ኛ፤ የቱቦውን አፍ በየቀኑ በንጹሕ ጨርቅና በሳሙና ጥረጉት። ልጆች በቆሸሸ እጅ እንዳይነኩት፤ ዶሮና ፍየልም እንዳይደርሱበት ጠብቁ። የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ግን ከላይ በማጣሪያው ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም፤ እርሾውን ይገድለዋልና። መድኃኒቱ የሚጨመረው ተጣርቶ በወጣው ውሃ ላይ ነው።

6ኛ፤ ማጣሪያው ከተቀመጠበት አይነቃነቅ። ቢጎተት አሸዋው ይሰነጠቃል፤ ውሃውም ሳይጣራ በስንጥቁ ያልፋል። ክዳኑ ሁልጊዜ ይዘጋ። ቀዝቃዛ ነው ብላችሁም ወተት ወይም ሥጋ አታስቀምጡበት።

ውሃው ሲዘገይ

ከጊዜ በኋላ የአሸዋው ፊት በጭቃ ስለሚደፈን ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ይህ ማጣሪያው ተበላሸ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሥራውን እንደሠራ ምልክት ነው። በዚህን ጊዜ እንዲህ አድርጉ።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ክዳኑን ከፍታችሁ 4 ሊትር ያህል ውሃ አፍሱና ሰሌዳውን አውጡ። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ የአሸዋውን ፊት ብቻ በቀስታ ዙሪያውን አማስሉት፤ ጣታችሁን ወደ ውስጥ አትቆፍሩ። ውሃው ሲደፈርስ በጣሳ እየቀዳችሁ አውጡና ልጆች ከማይጫወቱበት ቦታ ድፉት። አሸዋውን በመዳፋችሁ አስተካክሉ፤ ሰሌዳውን መልሱ፤ ውሃ አፍሱና አወራረዱን ተመልከቱ። ገና ከዘገየ ድገሙት። በመጨረሻም እጃችሁን እንደገና በሳሙና ታጠቡ። እርሾው ስለተነካ እስኪያገግም ድረስ ለጥቂት ቀን የተጣራውን ውሃ አፍሉት ወይም አክሙት።

ውሃው ከመጠን በላይ መፍጠኑም ደግ አይደለም። ማጣሪያውን እስከ አፉ ሞልታችሁ የ1 ሊትር ጠርሙስ ከቱቦው ሥር አቁሙ። ለመሙላት 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ሊፈጅበት ይገባል። ከዚያ በጣም ቀድሞ ከሞላ አሸዋው ጎድሏል ወይም ተሰንጥቋልና ማጣሪያውን የሠራላችሁን ባለሙያ ጥሩ።

የተጣራው ውሃ እንደገና እንዳይበከል

ብዙ ደክመን ያጣራነው ውሃ በቆሸሸ እንስራ ቢጠራቀም ድካማችን ከንቱ ነው። ስለዚህ ከወንዝ የሚቀዳበት ጀሪካን ሌላ፤ የተጣራው የሚጠራቀምበት ሌላ ይሁን። የማጠራቀሚያው አፍ ጠባብ፤ ክዳን ያለው፤ ቢቻል ከታች ቧንቧ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ኩባያ ወይም ቅል እየነከሩ መጨለፍ አይገባም፤ ዘንበል አድርጎ መቅዳት ይሻላል። ማጠራቀሚያውም ዘወትር በሳሙናና በተጣራ ውሃ ይታጠብ።

ማጣሪያው የማይችለው ነገር

የአሸዋ ማጣሪያ በውሃ ውስጥ የሟሟ ጨውን አያስቀርም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በአንዳንድ ጉድጓዶች ውሃ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘውና ሲበዛ አጥንት የሚያጣምመው፤ በአሸዋ አይወጣም። ማፍላትም አያስወጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። እንዲህ ባለ አገር የምትኖሩ ውሃችሁ እንዲመረመር ጠይቁ፤ የሚያስፈልገው ሌላ ምንጭ ወይም ለፍሎራይድ የተለየ ማጣሪያ ነው።

ልጅ በተቅማጥ ሲያዝ

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ የተጣራ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ጡት አትከልክሉት፤ ምግብም አትንፈጉት። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከጤና ኬላ አምጥታችሁ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡት። ዓይኑ ከጎደጎደ፤ ከደከመ፤ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየበት ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እናቶች፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና የማጣሪያውን ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ አትተዉት። አባትም ልጆችም ይወቁት። በቤታችሁ ፊደል የቆጠረ ልጅ ካለ ይህን ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ፤ ከዚያም ከማጣሪያው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ያልገባችሁ ነገር ቢኖር የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቋት፤ መጥታ በእጇ ታሳያችኋለች።