ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት፣ ዘይት ሲያንጠባጥብ

ከይፋግ ተነስቶ በወረታ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሕመሙን የሚያሳየው ዳገቱ ላይ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ወደ ዓለም ሳጋ ሲቃረብ ጋዝ ሲጨመርለት ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ግን ባለበት ነው። የሚቃጠል ነገር ይሸታል። ባለ ሞተሩ ፒስተኑ ያለቀ ይመስለውና ጋራዥ ይገባል፣ ሞተሩ ይከፈታል፣ ገንዘቡም ይወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ አንዲት ካቦ ላይ ወይም ያለ ቦታው የገባ ዘይት ላይ ነው። ሞተር ከመከፈቱ በፊት ከውጭ መመርመር አለበት።

የአብዛኛው ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ይሠራል። ሸራ የለበሱ ዲስኮችና ልሙጥ የብረት ዲስኮች በሞሰብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ እየተፈራረቁ ይደራረባሉ፤ ሞላዎች ከላይ ሆነው ይጫኗቸዋል። ሲጣበቁ የሞተሩ ጉልበት ወደ ማርሹ ያልፋል፤ በግራ እጅ ያለው ማንሻ ሲሳብ ጫናው ይነሳና ይለያያሉ። ስለዚህ ፍሪሲዮን የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ አልይዝ ይላል፣ ወይ አልለቅ ይላል።

ዳገት ላይ የሚጮኸው አልይዝ ያለው ነው። መጀመሪያ ማንሻውን ይመልከቱ። ጫፉ በጣት ሳብ ሲደረግ፣ ካቦው ገና ሳይወጠር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በባዶው መሄድ አለበት። ያ ክፍተት ከሌለ እጅዎ ባይነካውም ፍሪሲዮኑ በግማሽ ተስቦ ነው የሚውለው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ይህ ክፍተት ራሱ እየጠበበ እንደሚመጣ ነው። አምና በልክ የነበረ ካቦ ማንም ሳይነካው ዘንድሮ ጠብቆ ይገኛል። ማስተካከያውን ማላላት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ላልቶም ካንሸራተተ ያኔ ሸራውና ሞላው ይጠረጠራሉ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዘይቱ ነው። እንደ ቦክሰር ባሉ ባለ አራት ምት ሞተሮች ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ አንድ ዘይት ይጋራሉ። አንዳንድ የመኪና ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ይጨመርበታል፤ ፍሪሲዮን ደግሞ የሚይዘው በሰበቃ ነው። በጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበትን ይምረጡ፤ «ኤምቢ» የሚለው ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን አይሆንም።

የአካባቢው ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ኋላው ላይ ሰውና ኬሻ የጫነ ነጂ ማርሽ በመቀነስ ፈንታ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ጋዝ ይሰጣል። ሸራን እንደዚህ የሚበላ ነገር የለም።

አልለቅ ያለው ፍሪሲዮን ሲቆሙ ፎሌ አይገኝለትም፤ ማንሻው ተስቦም ሞተሩ ወደፊት ይገፋል። ጠዋት በብርድ፣ ዘይቱ ወፍሮ ሳለ አንደኛ ማርሽ ጓ ብሎ ቢገባ አያስደነግጥም። ሞቆም ካልተወው ካቦው በጣም ላልቷል ወይም ዲስኮቹ ጎብጠዋል።

ወደ ዘይት መፍሰስ ስንመጣ ትልቁ ስህተት የሚንጠባጠብበትን ቦታ የሚፈስበት ቦታ አድርጎ መውሰድ ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ በጉዞ ላይ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚፈለገው ከሁሉ ከፍ ብሎና ወደፊት ቀድሞ የረጠበው ነጥብ ነው። ሞተሩን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥበው ያድርቁት፣ የጠመኔ ዱቄት ነስንሰው ጥቂት ይንዱት። ነጩ ላይ መጀመሪያ የጠቆረችው መስመር ምንጩን ታሳያለች። ከካቴናው ጥርስ በስተኋላ ከሆነ የካቴናው ዘይት ተረጭቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ኦይል ሲሉን ከመወንጀል በፊት እሱን ይለዩ።

ለይፋግና ለፎገራ ሰው ግን ከሁሉ በፊት የምመክረው የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ማየት ነው። በክረምት የሩዝ ማሳ ጭቃ ቱቦውን ሲደፍነው በውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ያጣና ደህናውን ጋስኬትና ኦይል ሲል አልፎ ዘይቱን ይገፋል። ጋስኬት ተቀይሮ ቱቦው ካልተጠረገ ዘይቱ በሳምንቱ ይመለሳል። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም እንደዚሁ ያደርጋል። በየቦታው ሲሊኮን መለጠፍን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ወደ ውስጥ የሚተርፈው ተቆርሶ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል።

በገጠር ሥራ ላይ የቆዩት እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ ደግሞ መሬት ላይ ጠብ የማይል መፍሰስ አለ። በፍሪሲዮን በኩል ያለው የክራንክ ኦይል ሲል ሲያረጅ ሞተሩ የማርሹን ዘይት ስቦ ያቃጥለዋል። ከማርሚታው ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ የማርሹ ዘይት ልኬት ይወርዳል፣ ከሥር ግን ደረቅ ነው። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲያረጅ ደግሞ አየር ይስባል፤ ሚኒሞው ከፍ ይላል፣ ሞተሩም ይግላል፣ ቶሎ ካልተያዘ ፒስተኑን ይጎዳል። ኦይል ሲሉ ራሱ ትንሽ ዕቃ ነው፤ በአንዳንዱ ሞተር ከውጭ ተስቦ ይወጣል፣ በሌላው ግን ካርተሩ ለሁለት መከፈል አለበት። የትኛው እንደሆነ መካኒኩን ብሎን ከማላላቱ በፊት ይጠይቁት።